የአባቴ ዲቲ 125 ከቁልቁለት በኋላ ነከሰች (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀ)፤ የዘይት ፓምፑን ልንቀለው?

የእርሻ ባለሙያው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ በሐራጅ የገዛት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለችን። ቱ ስትሮክ ናት፤ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ 123 ሲሲ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። እሷ ግን እስካምና ክረምት ድረስ በአንድ እርግጫ ትነሳ ነበር።

ጥር ላይ ወንድሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዟት ወረደ። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ጭራሽ ዘግቶ፣ በሞተር እያስያዘ ነው የወረደው። ደብረ ሲናን አልፎ ሜዳ ሲያገኝ ሙሉ ጋዝ ሰጣት። ትንሽ እንደሄደ የኋላ ጎማው ድርቅ ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ባይጨብጥ ኖሮ ይህን ጥያቄ አልጽፍም ነበር።

ቴስታታውንና ሲሊንደሩን ራሴ ፈታሁ። ፒስቶኑ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ክፉኛ ተቧጭሯል። በካርቡራተሩ በኩል ንጹሕ ነው። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ነጭ ሆኗል። ደግሞ ከመንከሷ በፊት ሚኒሞዋ (ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞረው ዙር) ብቻውን ከፍ ይልና አልመለስም ይል ነበር።

እዚህ ያየልኝ መካኒክ «ፓምፑን ንቀዪው፣ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እየቀላቀልሽ ንጂ» አለኝ። ባለፈው ዓመት ጥቁር ጭስ ስታበዛ የካርቡራተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) ያሳነሰልንም እሱ ነው። ወንድሜ በበኩሉ የኋላ ሻንሲዋን ቆርጦ አጭር ወንበር ሊያስገባላት ይፈልጋል። እኔ አልፈልግም። ታንኩ ላይ የአባቴ ጉልበት የበላው ቀለም አለ፤ እሱንም ማስቀባት አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ ያንኑ ቁልቁለት ከኋላው ተቀምጬ ስንወርድ፣ አባቴ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጋዙን ብርር ያደርገው ነበር። እኔን ሊያጫውተኝ ይመስለኝ ነበር። ምክንያት ነበረው እንዴ?

ባለ ሁለት ምት

ልጄ፣ አባትሽ ሞተር ያውቁ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ቱ ስትሮክ እንደ ቦክሰር ካሉት ፎር ስትሮኮች ከሥር የሚቀዳ የሞተር ዘይት የላትም። ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ነው። በረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግተሽ በሞተር ካስያዝሻት ዙሩ ከፍ እንዳለ ነው፤ የሚገባው ዘይት ግን ጥቂት ነው። አባትሽ ብርር ሲያደርጉ ዘይት እያጠጧት ነበር።

ስለዚህ ፓምፑን እንዳትነቅዪው። ያማሃ ይህን ዘይት በፓምፕ የመስጠት አሠራር በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያመጣ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነበር። ፓምፑ የሞተሩን ዙርም የጋዙን ገመድም ይከተላል። ጋዝ ተዘግቶም ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። ታንክ ውስጥ የቀላቀልሽው ዘይት ግን በካርቡራተር ብቻ ነው የሚመጣው። ጋዙ ሲዘጋ ቤንዚኑም ዘይቱም አብረው ይቀራሉ። ለአንቺ መንገድ መቀላቀሉ ይብሳል።

ደግሞም ጥፋቱ የፓምፑ አይመስለኝም። ዘይት አጥታ ብትነክስ ኖሮ በካርቡራተሩም በኩል ጭረት ታዪ ነበር። በማርሚታው በኩል ብቻ ከሆነና ካንዴላው ከነጣ፣ ቤንዚን አንሷት በሙቀት ነው የነከሰችው። ጄቱ የተመረጠው ለደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ወደ 1,300 ትጠጋለች። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ጋዝ ሰጣት።

ብቻውን የሚወጣው ሚኒሞ ደግሞ ሌላ ይነግርሻል። በግራ በኩል ከማግኔቱ ጀርባ ያለውን ፓራኦሊዮ (የዘንጉን የጎማ ማሸጊያ) እዪው። ከደረቀ ከዚያ አየር ይስባል፣ ድብልቁም ይሳሳል። የቀኙ ቢሆን ኖሮ የካምቢዮ ዘይት እየሳበች ነጭ ጭስ ታጨስ ነበር። ሞተሩ ከተፈታ አይቀር ሁለቱንም ቀይሪ።

ካንዴላ (አዳማ)

እኔ ፓምፑን ከነቀልኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ችግር አላየሁም። በሊትር 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት እጨምራለሁ። ፓምፕ ተበላሽቶ ሳታውቂ ከሚገድልሽ በእጅሽ የለካሽው ይሻላል።

ባለ ሁለት ምት

አዳማ ሜዳ ነው ወንድሜ። ለአንተ ይሠራል። ጣርማ በር ሌላ ነገር ነው።

ቶርኖ ቤት

እኅቴ፣ ሲሊንደሩን ይዘሽ ቶርኖ ቤት ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር። የሲሊንደሩ ውስጥ ብረት ነው፣ የተጣበቀበት ግን የፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው። ጓንትና መነጽር አድርጊና ኮስቲክ ሶዳ በጨርቅ ንክር አድርገሽ የተጣበቀውን ብቻ ጥረጊው። አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ብረቱን አይነካም። ወደ ውጭው ክንፎች እንዳይፈስብሽ፤ እነሱም አሉሚኒየም ናቸው። ከዚያ በጥፍርሽ ዳስሺው። ብዙ ሰው ሲሊንደሩ ሞቷል ብሎ የሚጥለው ቆሻሻውን አይቶ ነው።

መቦረሽ (ውስጡ በማሽን መስፋት) ካለበት መጀመሪያ ፒስቶኑን ግዢ። መነሻው 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጣዮቹ 56.25፣ 56.50 እያሉ ይሄዳሉ። ቶርኖው የያዝሽውን ፒስቶን ለክቶ ነው መቦረሽ ያለበት፤ በወረቀት ቁጥር ብቻ እንዳይሠራልሽ። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ከቦረሸ በኋላ የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ ዙሪያውን በቀጭኑ እንዲያለዝብ ንገሪው። የፎር ስትሮክ ሲሊንደር ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ስለሌለ ይህን የማያስታውስ ቶርኖ አለ። ጠርዙ ስለት ሆኖ ከቀረ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ይያዝበትና ይሰበራል። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት አዲስ ፒስቶን በ40 ኪሎ ሜትር ቀብሬያለሁ።

ስትገጥሚ የፒስቶኑ ቀስት ወደ ማርሚታው ይዙር። የፋሻዎቹ ክፍተትም ፒስቶኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ፒኖች ላይ ይቀመጥ።

ሻንሲውን ስለመቁረጥ፦ ለወንድምሽ እንቢ በዪው። የኋላው ጭነት ይሸከማል፣ ተቆርጦ የተበየደ ሻንሲ ደግሞ ቦሎ ስታወጪ ጥያቄ ያመጣል። ማሳመር ከፈለገ በቡሎን የሚገባና በቡሎን የሚወጣ ነገር ያድርግ። ወንበሩን ያስለብስ፣ መሪውን ይቀይር። ከፍ ያለውን የፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ግን እንዳይነካው፤ በደብረ ብርሃን ጭቃ ዝቅ ያለው ጎማውን ያስይዘዋል።

የእርሻ ባለሙያው ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉት የግራውን ፓራኦሊዮ አወጣሁት። ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ በጣት ስነካው ተሰነጠቀ። ፓምፑን ከፍቼ በእጄ ሳዞረው ዘይት ይሰጣል። ስለዚህ ይቆያል።

ሲሊንደሩን በኮስቲክ ሶዳ ጠረግኩት። ግማሹ ጭረት ጠፋ። ሁለት መስመር ግን በጥፍር ይሰማል፤ መቦረሹ አልቀረም። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ 56.25 ፒስቶን ከነፋሻው እፈልጋለሁ፤ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ነገር በወረቀት ጽፌ ለቶርኖው እይዛለሁ። ጄቱንም ወደ ድሮው እንመልሰዋለን።

ወንድሜ ጽሑፋችሁን አነበበ። መጋዙን መልሷል። ወንበሩ በጥቁር ቆዳ ይለበሳል፣ ታንኩ ከውስጥ ዝገቱ ይወጣል፣ ከውጭ እንዳለ ይቆያል። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር እዚሁ ከተማ ውስጥ በዝግታ ይነዳታል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ እኔ ከኋላው እቀመጣለሁ። መቼ ብርር እንደሚያደርግ ትከሻውን እየነካሁ እነግረዋለሁ።