ኢኬዞኤን ከኦርፌቭር ጀርባ ማውረድ ተገቢ ነበር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦርፌቭር የተባለው የጃፓን የውድድር ፈረስ ለሦስት ዓመት ፈረሶች የሚዘጋጁትን ሦስቱን የጃፓን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ። በ2012 ላርክ ደ ትሪዮምፍ (ባጭሩ ላርክ) ወደተባለው የፓሪስ የፈረስ ውድድር ሲላክ ግን ከመጀመሪያ ሩጫው ጀምሮ የጋለበው ኬኒቺ ኢኬዞኤ ቀርቶ ቤልጂጋዊው ክሪስቶፍ ሱሚዮን ተተካ። ፈረሱ በአንገት ልዩነት ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ጃፓን ውስጥ የሠለጠነ ፈረስ ያን ውድድር እስከዚያ ቀን አሸንፎ አያውቅም ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር ትላላችሁ?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ትክክል ነበር። ላርክ የሚካሄድበት ሎንሻን ዳገትና ቁልቁለት ያለው፣ ዝናብ ሲጥልበት የሚከብድ ሜዳ ነው። ሱሚዮን ቀደም ሲል ይህንኑ ውድድር በ2003 እና በ2008 አሸንፏል። ኢኬዞኤን ደግሞ ፈረሱ ራሱ ከሦስቱ ውድድሮች የመጨረሻውን ኪኩካ ሾን ካሸነፉ በኋላ ከጀርባው አሽቀንጥሮ ጥሎታል። እንዲህ ያለውን እልኸኛ የሚገራ የበሰለ እጅ ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ መጣሉን አልክድም፤ የጣለው ግን አሸንፈው ከጨረሱ በኋላ ነው! በመጋቢት 2012 በጃፓኑ የሃንሺን መሮጫ ሜዳ የሆነውን አስታውሱ። ፈረሱ በሩጫው መካከል ወደ ውጨኛው አጥር ሸሽቶ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ሌላ ጋላቢ ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ኢኬዞኤ መልሶ አስገባው፤ የተሸነፉት በግማሽ የፈረስ ርዝመት ብቻ ነው። ያንን ጠባይ በጀርባው ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ነበር። ሱሚዮን ግን ከዚያ ቀን በፊት በውድድር የጋለበው አንድ ጊዜ፣ ለላርክ መዘጋጃ በሚሆነው በፕሪ ፉዋ ውድድር ብቻ ነው።

በሎንሻን ኦርፌቭር ከ18 ፈረሶች በስተመጨረሻው ውጨኛ የመነሻ በር ተነሥቶ፣ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ሁሉንም ጥሎ ወጣ። ብቻውን ፊት ሲሆን ወደ ውስጠኛው አጥር እየተጠጋ ሄደ፤ እርምጃውም ቀነሰ። ያሸነፈችው ፈረስ ሶሌሚያ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ደረሰችበት። ያን ምስል ዛሬም ሳየው ያንገበግበኛል። ጠባዩን ፈርተው አቬንቲኖ የሚባል ጓደኛ ፈረስ ከጃፓን ድረስ አብረው ወሰዱለት፤ የሚያውቀውን ሰው ግን አገር ቤት ተዉት! «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ኦርፌቭር ድርሻውን ተወጥቷል።

አንደኛ ተከራካሪ፦ በሃንሺን ሲሸሽም እኮ በጀርባው የነበረው ኢኬዞኤ ነው። በ2013 ሱሚዮን ፕሪ ፉዋን ደግሞ አሸነፈበት፤ በላርክም እንደገና ሁለተኛ አወጣው። ያን ጊዜ ያሸነፈችው ትሬቭ በአምስት ርዝመት ቀደመችው። በየትኛው ጋላቢ ይደርስባት ነበር?

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ በማንም። ትሬቭ ትበልጠው ነበር፤ ስለ 2013 አልከራከርም። በሩ ክፍት የነበረው በ2012 ነው። በዚያው በ2013 ታኅሣሥ ወር፣ የመጨረሻ ሩጫው በሆነው የጃፓን ውድድር በአሪማ ኪነን፣ ኢኬዞኤ ተመልሶ ወጣበት። በስምንት ርዝመት አሸነፉ።