ሴሚስተሩን አቋርጬ ብቀር ምን ይከተለኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ በዲቪ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ለነርሲንግ የሚያስፈልጉትን ክላሶች እየወሰድኩ፣ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ኦቨርታይም ጨምሬ እልካለሁ። በዚህ መሀል አናቶሚው አመለጠኝ፣ እንግሊዝኛውም እየተንገዳገደ ነው። አስተማሪዎቹን ለማየት አፍሬ ከቀረሁ ሰንብቻለሁ። የሚከፍልልኝ ፔል ግራንት (መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የትምህርት እርዳታ) ነው። ዝም ብዬ ትቼው በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ብጀምርስ?

መልስ፦
እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ እየረዳሁ ስለምሠራ በቀጥታ ልንገርሽ፦ ዝም ብሎ የቀረ ሰው እንደ አዲስ አይጀምርም። ስምሽ ከክላሱ ስለማይወጣ መጨረሻ ላይ ኤፍ ይመዘገባል። ሁሉም ኤፍ ከሆነ ኮሌጁ ተምረሽ ወድቀሽ ይሁን ትተሽ ሄደሽ ማጣራት አለበት። ትታ ሄዳለች ካለ፣ ከፔሉ ላይ ያልተማርሽበትን ድርሻ ለመንግሥት ይመልስና ሂሳቡን ወደ አንቺ ያዞረዋል። ልጆቻችን ከዓመት በኋላ ሊመዘገቡ ሲሄዱ በር ላይ የሚጠብቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ስንተኛው ሳምንት ላይ እንዳለሽ ቁጠሪ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶውን ያለፈ ተማሪ የዚያ ሴሚስተር ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይገባዋል፤ ከዚያ በፊት ሁሉንም ክላስ የተወ ግን የሚገባው በቆየበት ልክ ነው። 60 በመቶው በ15 ሳምንት ሴሚስተር ዘጠነኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ማለት ነው። ደግሞ ሁሉንም መተው የለብሽም። አናቶሚውን ብቻ በወጉ ዊዝድሮ አድርገሽ (ወረቀት ሞልተሽ ከክላሱ ወጥተሽ) እንግሊዝኛውን ከጨረስሽ ይህ የመመለስ ጣጣ አይመጣም። ዊዝድሮ ላደረገ በውጤት ፈንታ የሚጻፈው ደብሊው ጂፒኤሽን (አማካይ ውጤትሽን) አይነካም። ለነርሲንግ ለሚያመለክት ሰው ደግሞ በአናቶሚ ላይ ከተጻፈ ኤፍ በብዙ ይሻላል።

ደብሊውም ቢሆን ነፃ አይደለም። እርዳታው እንዲቀጥል ከወሰድሻቸው ክሬዲቶች በቂውን ማለፍ አለብሽ (ብዙ ኮሌጆች 67 በመቶ ይላሉ)፣ ደብሊው ደግሞ ተወስዶ እንዳልታለፈ ይቆጠራል። ከዚያ በታች ከወረድሽ እርዳታው ሊቆም ይችላል፣ ግን ይግባኝ አለው። የፌዴራሉ ደንብ ራሱ የዘመድ ሞትን፣ የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳት፣ እንዲሁም ሌላ ልዩ ሁኔታን በምክንያትነት ይጠቅሳል። የአባትሽ መታመም በሦስተኛው ይገባል። የሐኪም ወረቀቱን አስተርጉሚ፣ የኦቨርታይም ደሞዝ ወረቀትሽንም አያይዢ።

የኛ ልጆች ይግባኝ የሚወድቀው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደንቡ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምን እንደደረሰብሽና አሁን ምን እንደተለወጠ። እኛ የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ እናለቅስበትና («የተከበራችሁ የኮሌጁ ኃላፊዎች» ብሎ መጀመሩ ሳይቀር) ሁለተኛውን በአንድ መስመር እንጨርሰዋለን። ቢሮው ግን የሚፈርደው በሁለተኛው ነው። «በርትቼ አጠናለሁ» ለውጥ አይደለም። «ሺፍቴን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሬያለሁ፣ አለቃዬ የጻፈችው ደብዳቤ ይኸው፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር 6 ክሬዲት ብቻ እወስዳለሁ» ለውጥ ነው።

ሌላ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅቷ ቤተሰብ ተሸክማለች። መጀመሪያ ሥራዋን ትያዝ፣ ትምህርቱ የት ይሄዳል? እዚህ አገር በ40 ዓመቱ የሚመረቅ ሞልቷል።

መልስ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ማቆም ነውር አይደለም። እኔም ተማሪ ሁሉ ይቀጥል አላልኩም። ነገር ግን ወረቀት ሞልቶ ያቆመና ዝም ብሎ የጠፋ ሲመለሱ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። ደግሞም በሙሉ ጊዜና በማቆም መሀል ሌላ መንገድ አለ። ፔል ለ12 ክሬዲት ሙሉውን፣ ለ6 ክሬዲት ግማሹን ይከፍላል። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደው በሙሉ ጊዜ ሲሰላ 12 ሴሚስተር ነው፤ በግማሽ የተማረችበት ሴሚስተር የሚያስቆጥርባት ግማሽ ብቻ ነው። ቀስ ብላ በመማሯ የምታጣው ገንዘብ የለም፣ ጊዜ እንጂ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ለእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ጻፍኩለት። የቀሩኝን ሁለት ድርሰቶች እስከ ዓርብ ካስገባሁ ይቀበለኛል። አድቫይዘሯ ሐሙስ ቀጠሮ ሰጥታኛለች።

መልስ፦
ጎበዝ! ከአድቫይዘሯ ስትወጪ እዚያው ፋይናንሺያል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ግቢ፣ ሁለቱ ቢሮዎች አይነጋገሩም። የመጨረሻውን የዊዝድሮ ቀንም ከኮሌጁ ካላንደር ላይ አሁኑኑ እዪ። ከ60 በመቶው ጋር አንድ ቀን አይደለም፤ ከሐሙስ በፊት የሚያልፍ ከሆነ ቀጠሮውን አትጠብቂ።