የትሮማ ሕክምና ተጀምሮ ቅዠቱና ድንጋጤው ሲብስ፦ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ንጋት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከከባድ አደጋ፣ ከጥቃት ወይም በልጅነት ከደረሰ በደል በኋላ ለሚቀር የመንፈስ ቁስል (ትሮማ) ስለሚሰጠው የንግግር ሕክምና ልጠይቅ። በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር አለ። ሰው እንደምንም ተነሳስቶ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀጠሮ ላይ ሲደርስ እንቅልፉ ይረበሻል፣ ጠፋ ያለው ትዝታ ተመልሶ ይመጣል፣ "ይሄማ ባሰብኝ" ብሎ ያቋርጣል። መባሱ የሚጠበቅ ነው ወይስ ሕክምናው አልተስማማም ማለት ነው? የሚያልፈውን መባስ ከአደገኛው በምን እንለየዋለን? ደግሞስ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ መናገር ግዴታ ነው? "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲባል ሰምቶ ከበር የሚመለስ ብዙ ነው። የሕክምና ዓይነቶቹን በስም ብቻ ሳይሆን ቀጠሮው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል። "ተናገር፣ ይቀልሃል" ከሚለው ያለፈ ነገር ነው የምፈልገው።

ዋርካው፦
ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ነጥብ ነው ያነሱት። መጀመሪያ መባሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ከትዝታው የሸሸ ሰው ወዲያው ቀለል ይለዋል፤ ወጥመዱም ይኸው ቅለት ነው። መንገድ ይቀይራል፣ ወሬው ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል፣ ቅዠት ፈርቶ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ሳይተኛ ይቆያል። አእምሮው "የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው" የሚል ትምህርት ይወስዳል። ትዝታ ትዝታ እንጂ አደጋ አለመሆኑን የሚያይበት ዕድል አያገኝም። ዓመታት አልፈው እንኳ ነገሩ የትናንት ያህል ትኩስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሕክምናው ደግሞ ይህንን መሸሻ ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንቀቱ ቢጨምር አያስገርምም። ሁሉም ላይ ግን አይደርስም፤ ሳይብስበት የሚያልፍም ብዙ ሰው አለ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ያሉትም በአጋጣሚ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤድና ፎአ ያዘጋጁት ፕሮሎንግድ ኤክስፖዠር የሚባለው፣ የሚሸሹትን ትዝታና ነገር ረዘም አድርጎ የሚያጋፍጥ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል፤ አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማብራሪያና የአተነፋፈስ ልምምድ ይሰጣል፣ በሁለተኛው የሚሸሹ ነገሮች ዝርዝር ይወጣል፣ ትዝታውን መተረክ የሚጀመረው በሦስተኛው ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ሲረበሽ ሥራው ተጀመረ ማለት ሊሆን ይችላል።

አተራረኩ እንዲህ ነው። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የሆነውን ልክ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይናገራል፦ "እጄ መሪው ላይ ነው፣ መብራቱ ፊቴ ላይ አበራ፣ የመስታወት ድምፅ እሰማለሁ።" ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቀጥላል፤ ታሪኩ ቶሎ ካለቀ ከመጀመሪያው ይደገማል። ባለሙያው በየ5 ደቂቃው ገደማ "ጭንቀቱ ከ0 እስከ 100 ስንት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ከዚያ ውጭ ብዙ አያወራም። ዓይን ከተገለጠ በኋላ ምን እንደወጣና ምን አዲስ ነገር እንደታየ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወያያሉ። ትረካው በድምፅ ይቀዳና ታካሚው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በየቀኑ ያዳምጠዋል። በኋለኞቹ ቀጠሮዎች ሙሉው ታሪክ ይቀርና እጅግ የከበደችው ቁራጭ ብቻ ትመላለሳለች።

ከዚህ ጎን ለጎን በአካል የሚደረግ ልምምድ አለ። የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው እንውሰድ። በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ 40፣ ጭር ባለ መንገድ አጠገብ ተቀምጦ መሄድ 60፣ ራሱ መንዳት 80፣ አደጋው በደረሰበት ቦታ ማለፍ 100 ብሎ ራሱ ዋጋ ይሰጣቸዋል። የሚጀመረው ከመካከለኛው ነው፤ ያው ነገር በተደጋጋሚ ይሠራል፣ በየጊዜው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ወይም ጭንቀቱ ቢያንስ በግማሽ እስኪወርድ ድረስ ይቆዩበታል። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት ሰው ጠልቶ የሸሻቸው፣ በእውነት ግን አደጋ የሌለባቸው ነገሮች ብቻ ናቸው። ሊደበድብ የሚችል ሰው ጋ ተመልሶ መሄድ ልምምድ አይባልም።

የት ይበላሻል? አንደኛ፣ ጭንቀቱ ጣሪያ በነካበት ቅጽበት ጥሎ መውጣት። ቁጥሩ 85 ሳለ ከመኪናው የወረደ ሰው አእምሮው የተማረው "አሁንም የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህ ሲደጋገም ፍርሃቱ ይከርራል። ሁለተኛ፣ በአካል ተገኝቶ በሐሳብ መሸሽ፤ የበሩን እጀታ ጨብጦ መቀመጥ፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ትረካውን እንደ ፖሊስ ሪፖርት ባለፈ ጊዜ ማንበብ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 20 ላይ ከቀረ ወይ ትዝታው ቀድሞ በርዷል፣ ወይ ሰውየው እዚያ የለም። ሦስተኛ፣ ቀረጻውን ሳህን እያጠቡ ማዳመጥ። ተቀምጦ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ሌላ ሥራ ሳይደርቡ ነው።

ስንቅ፦
ዋርካው በደንብ አብራርቶታል። እኔ "መናገር ግዴታ ነው?" የሚለውን ልመልስ። ግዴታ አይደለም፤ ይህንን ብዙ ሰው ቢያውቅ ምንኛ በወደድኩ። ዝርዝሩን ሳይተርኩ የሚሠሩ፣ ማስረጃቸውም ጠንካራ የሆነ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንዱ ሲፒቲ (ኮግኒቲቭ ፕሮሰሲንግ ቴራፒ) ነው፤ ስለሆነው ነገር የተያዘን አስተሳሰብ የሚመረምር፣ ፓትሪሺያ ሬሲክ ያዘጋጁት፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቀጠሮ የሚወስድ። ታካሚው በመጀመሪያ አንድ ገጽ ያህል ይጽፋል። የሚጽፈው ስለሆነው ነገር ዝርዝር ሳይሆን "ለምን ደረሰብኝ ብዬ አምናለሁ? ስለራሴ፣ ስለሰው፣ ስለዓለም ያለኝን አመለካከት እንዴት ቀየረው?" ስለሚለው ነው። የጥቃቱን ዝርዝር የሚያስጽፍ ቅጂም አለ፤ ያለ ጽሑፉም ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ ስለተገኘ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ይህ የጥቃት ዝርዝር ጽሑፍ የሌለው ነው።

ከዚያ ገጽ ላይ ሰውን ቀፍድደው የያዙ ሐሳቦች ይለቀማሉ። እዚህ ላይ ስህተት ይበዛል፣ ስለዚህ በምሳሌ ልሂድ። "አፍራለሁ" ስሜት ነው፤ አይለቀምም። "ወንድሜ ሞተ" የሆነ ነገር ነው፤ አይለቀምም። "ቀድሜ ብደርስ ኖሮ አይሞትም ነበር፤ ገዳዩ እኔ ነኝ" የሚለው ግን ይለቀማል፣ ምክንያቱም ሊመረመር የሚችል ፍርድ ነው። ባለሙያው እየጠየቀ ይሄዳል፦ በዚያች ሰዓት የምታውቀው ምን ነበር? ዛሬ የምታውቀውንስ ያን ጊዜ ታውቀው ነበር? እጅህ ላይ የነበረው ምርጫ የትኛው ነው? እንዲሞት ፈልገህ ነበር? ሆን ብሎ ማድረግ፣ በቸልተኝነት ድርሻ መኖርና አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተጎዳ ሰው ሦስቱንም "ጥፋተኛ ነኝ" በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። በኋለኞቹ ቀጠሮዎች ደህንነት፣ እምነት መጣል፣ ሥልጣንና ቁጥጥር፣ ለራስና ለሰው የሚሰጥ ክብር፣ እንዲሁም ቅርበት በየተራ ይታያሉ።

ባለሙያ የሚሳሳተው ቸኩሎ "ኧረ ጥፋትህ አይደለም!" ሲል ነው። ዘመድ ይህንን መቶ ጊዜ ብሎታል፤ አልሠራም። መልሱ ከራሱ አፍ መውጣት አለበት። ታካሚ ዘንድ የሚበላሸው ደግሞ የቤት ሥራው ነው፤ የመልመጃ ወረቀቶቹ በሳምንት አንዴ፣ በቀጠሮው ዋዜማ ከተሞሉ ብዙ አይፈይዱም። በየቀኑ አንድ ይሻላል።

ሁለተኛው ኢኤምዲአር ነው፤ ትዝታውን ይዞ ዓይንን ከጎን ወደ ጎን በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና። ፍራንሲን ሻፒሮ ሐሳቡን ያገኙት በ1987፣ የመጀመሪያ ጥናታቸውን ያወጡት በ1989 ነው። ስምንት ምዕራፎች አሉት፤ ዓይን ማንቀሳቀሱ የሚመጣው በአራተኛው ነው። ከዚያ በፊት ታሪክ ይወሰዳል፣ የመረጋጊያ ልምምድ ይሰጣል፣ ዒላማው ይዘጋጃል፦ በጣም የከፋው ምስል፣ አብሮት ያለው ክፉ እምነት (ለምሳሌ "አቅመ ቢስ ነኝ")፣ ሊተካው የሚፈለገው ("ዛሬ ራሴን መከላከል እችላለሁ")፣ ይህ ሁለተኛው ከ1 እስከ 7 ምን ያህል እውነት እንደሚመስል፣ የጭንቀቱ መጠን ከ0 እስከ 10፣ ሰውነት ላይ የተቀመጠበት ቦታ። ከዚያ ታካሚው ምስሉን ይዞ ከጎን ወደ ጎን የሚሄደውን ጣት ለግማሽ ደቂቃ ገደማ በዓይኑ ይከተላል። "ምን መጣ?" ይባላል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። "እሱን ይዘህ ቀጥል።" ጭንቀቱ 0 ወይም 1፣ መልካሙ እምነት 7 እስኪሆን ይመላለሳል፤ በመጨረሻ ከራስ እስከ እግር የቀረ ውጥረት ይፈተሻል። ሂፕኖሲስ (ሰውን አፍዝዞ ማከም) አይደለም፤ ታካሚው ሙሉ በሙሉ ንቁ ነው፣ እጁን ቢያነሳ ይቆማል። የዓይን እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል ድርሻ አለው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሕክምናው በጥቅሉ መሥራቱ ግን በዓለም ጤና ድርጅት የ2013 መመሪያ ውስጥም ተቀባይነት አግኝቷል።

ኢኤምዲአር ላይ የሚበላሸው ዝግጅቱን ዘልሎ በመጀመሪያው ቀን ጣት ማወዛወዝ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠመ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ረጋ ያለ፦
ከሁለታችሁም ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ላክል። በልጅነት ለዓመታት የተፈጸመ በደል የአንድ ቀን አደጋን አይመስልም። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር እንዲህ ካለው በደል የሚመጣውን የመንፈስ ቁስል "ውስብስብ" ብሎ ለይቶታል፤ ከተለመዱት ምልክቶች ላይ ስሜትን መግዛት አለመቻል፣ ራስን እንደ ዋጋ ቢስ ማየትና ከሰው ጋር መቀራረብ መቸገር ይጨመሩበታል። ለእነዚህ ሰዎች ቅድሚያ ጥቂት ሳምንታት መረጋጋትን መለማመድ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ዝግጅቱ ራሱ ሽሽት እንዳይሆን! ስምንት ወር ሙሉ ትንፋሽ ብቻ እያስለመደ ወደ ትዝታው የማይጠጋ ሕክምና ለታካሚው "አንተ አትችለውም" እያለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የሚያልፈው መባስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከቀጠሮው ማግስት ይከፋል፣ ሳምንቱ ሲጋመስ ይበርዳል፣ ሰውየውም እየከበደው ቢሆንም ሥራውን ይሠራል፣ ይበላል። በግምት ከመከራከር መለካት ይሻላል። የመንፈስ ቁስል ምልክቶችን የሚለካው ፒሲኤል-5 የሚባለው መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት፣ ድምሩ ከ0 እስከ 80 ነው፤ ከ31 እስከ 33 ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን ችግሩ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይሞላ። 52 የጀመረ ሰው በአራተኛው ሳምንት 57 ቢሆን አያስደነግጥም። በስምንተኛው 41 ከሆነ መልካም ምልክት ነው፤ የ10 ነጥብ ገደማ ቅነሳ ብዙ ጊዜ ትርጉም ያለው መሻሻል ተደርጎ ይወሰዳል። እስከ ስምንተኛው ድረስ ንቅንቅ ካላለ ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብሎ ዘዴውን መከለስ ነው።

አደገኛው ሌላ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዴትና መቼ ከሚል ዕቅድ ጋር ሲመጣ፣ ራስን መጉዳት ሲጀመር፣ ሰዓታት የት እንዳለፉ ማወቅ ሲያቅት፣ ለመተኛት በየሌሊቱ መጠጥ ሲያስፈልግ፣ ወይም ጥቃቱ ዛሬም ቤት ውስጥ እየቀጠለ ከሆነ። እነዚህ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይጠብቁም፤ ዕለቱኑ ለባለሙያው ይነገራል። ሕይወት ላይ አደጋ ካለ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

በትረካው መሃል ሰው ደንዝዞ "ሲጠፋ"፣ ማለትም ዓይኑ ሲፈዝ፣ ድምፁ ሲሳሳ፣ ሲጠሩት ሲዘገይ፣ የሚደረገው ቀላል ነው። ዓይን ይገለጥ፤ ሁለቱ እግሮች ወለሉን ይጫኑ፤ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ የት እንዳለ ጮክ ብሎ ይበል፤ የሚያያቸውን 5 ነገሮች ይጥራ፤ ቀዝቃዛ ነገር ይጨብጥ። በዚህ ሰዓት "በጥልቀት ተንፍስ" ማለት አንዳንዱን ያባብሳል፤ አየር አብዝቶ መሳብ ማዞርና እጅ መደንዘዝ ያመጣል። ትንፋሹ እንደወትሮው ይግባ፣ ሲወጣ ግን ይርዘም።

ስለ መድኃኒት አንድ መስመር፦ ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ሊረዱ ይችላሉ፤ እንደ ዳያዚፓም ያሉ ማስታገሻዎች ግን ለዚህ ሕመም አይመከሩም፣ ሱስ ያስይዛሉ፣ የልምምዱንም ትምህርት ሊያደበዝዙ ይችላሉ። እየወሰደ ያለ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ድንገት እንዳያቆም፤ አደጋ አለው፤ ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው።

ንጋት፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ የሦስተኛው ቀጠሮ ነገር አሁን ገባኝ። አንድ ልጨምር፤ ባለሙያውን በመጀመሪያው ቀን ምን ብሎ መጠየቅ ይቻላል?

ስንቅ፦
በቀጥታ። "የሚጠቀሙት ዘዴ ስሙ ምንድን ነው? በዚያ ዘዴስ ሠልጥነዋል? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? ለውጡን በምን ይለካሉ? በመሃል ብረበሽ ምን እናደርጋለን?" ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም። "እስቲ እያየን እንሄዳለን" ብቻ ከሆነ መልሱ ሌላ መፈለግ ይሻላል። አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ሁሉንም ሰው ሰብስቦ በአንድ ቁጭታ ማስተረክም አይመከርም፤ ሕመሙን እንደማይከላከል ታይቷል።

ዋርካው፦
እኔም አንድ። ቀጠሮው ካለቀ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ባዶ ይሁን፤ ወዲያው ስብሰባ መግባት፣ ከባድ ጉዳይ መወሰን ይቅር። ለማቋረጥ የወሰነ ሰው ደግሞ ውሳኔውን በስልክ መልእክት አይላክ፤ አንድ ቀጠሮ መጥቶ ፊት ለፊት ይናገር። ብዙ ጊዜ የከበደው አንድ የተወሰነ ትዕይንት ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ዓይን ገልጦ፣ ባለፈ ጊዜ፣ ባጭር ባጭሩ እንዲተረክ አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል።