ግሽበቱ ቀነሰ ከተባለ የእኔ ቁጠባ ስለ ምን እየሟሸሸ ሄደ?

ጥያቄ፦ መምህርት ከደሴ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የእናቴን ቤት ጣሪያ ለማስቀየር ብዬ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከደመወዜ ላይ እየቆረጥሁ በቁጠባ ሒሳብ አስቀምጫለሁ። ያኔ በእጄ የነበረው ገንዘብ ለ40 ቆርቆሮ ይበቃ ነበርና «ጥቂት ወራት ልታገሥ፣ የእንጨቱንና የአናጢውን ጨምሬ በአንድ ጊዜ ላሠራው» አልሁ። ከዚያ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ፣ ነገሩም በዚያው ቆመ። ባለፈው ሳምንት የባንክ ደብተሬን ይዤ ቆርቆሮ ቤት ሄድሁ። ሻጩ አስልቶ የነገረኝ፣ ያ የ2013ቱ ገንዘብ ከነወለዱ ዛሬ 20 ቆርቆሮ እንደማይሞላ ነው። እናቴ አሁንም ክረምቱን የምታሳልፈው በመኝታዋ ሥር ባልዲ አስቀምጣ ነው።

በዜና የምሰማው ግሽበቱ በግማሽ መቀነሱን፣ ብሔራዊ ባንክም የ15 በመቶ ወለድ ማውጣቱን ነው። የእኔ ባንክ ግን ዛሬም የሚከፍለኝ 7 በመቶ ነው። ይህ እንዴት ይታረቃል? ኢኮኖሚው እየጠበበ ነው ወይስ እያደገ? ደግሞስ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደመወዝ ይጨመራል ከተባለ ወዲህ ነጋዴው ዋጋ እየጨመረ ነውና፣ ገንዘቤን አውጥቼ ቆርቆሮውን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ በባንክ ሥራ የቆየ ሰው

እኅቴ፣ ስሌትዎ ትክክል ነው። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ረገበ ማለት ነው። ዓመታዊው የዋጋ ንረት በግንቦት 2014 ዓ.ም. 37.2 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በሰኔ 2017 ደግሞ 13.9 በመቶ ሆኗል። ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ጭማሪ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ቀረ እንጂ አልተሻረም። በቁጥር ልንገርዎ፦ 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ አንድ ዓመት ቢቀመጥ 107 ሺህ ይሆናል፤ በ13.9 በመቶ ንረት ግን ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 113 ሺህ 900 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ «በተሻለው» ዓመት እንኳ 6 ሺህ 900 ብር ጎድሎብዎታል፤ በ2014ቱ ንረት ቢሆን ጉድለቱ 30 ሺህ 200 ብር ነበር። ይህ ያለ አዋጅ ከቆጣቢ ኪስ የሚወጣ ግብር ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲቆጨኝ የኖረ ጉዳይ ነው።

7 በመቶው የመጣው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም በተደረገበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት 5 በመቶ ነበር። ወለሉ ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ ባንኮች ከዚያ በላይ እንዳይከፍሉ የሚከለክላቸው የለም። በሐምሌ 2016 የወጣው 15 በመቶ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚገበያይበት መነሻ ነውና ለእርስዎ በቀጥታ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። አስቀማጩ በ7 በመቶ ረክቶ ከተቀመጠ፣ ባንኩ በራሱ ፈቃድ የሚጨምርበት ምክንያት አይኖረውም። ንረቱን በማርገብ ረገድ ከወለዱ ይልቅ ሁለት ነገሮች ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ፦ አንዱ በነሐሴ 2015 የተጣለው የብድር ዕድገት ጣሪያ፣ ማለትም የየባንኩ ብድር በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያድግ የሚል ገደብ ነው፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ በኋላ ወደ 18 ከፍ ብሏል። ሌላው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ብሔራዊ ባንክ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት ለመሙላት በቀጥታ ይሰጠው የነበረው ብድር መቆሙ ነው።

ቅርንጫፍዎ ሄደው ስለ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ማለትም ለተስማሙበት ጊዜ ሳይነካ ስለሚቀመጥ ገንዘብ ይጠይቁ። ወለዱ በስምምነት የሚወሰን ስለሆነ ከ7 በላይ ሊያገኙ ይችላሉ። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ግን የመደራደር አቅምዎ ውስን መሆኑን አልደብቅዎትም።

መልስ፦ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ

ወንድማችን የብድር ጣሪያውን አመስግነዋል፤ እኔ ግን ዋጋውን ከከፈሉት አንዱ ነኝ። የብድር ማመልከቻዬ ተፈቅዶ፣ ቤቴ በዋስትና ተይዞ፣ «ባንኩ ለዘንድሮ የተፈቀደለትን ጣሪያ ሞልቷል» ተብዬ 7 ወር ጠብቄአለሁ። በዚያ መካከል ሁለት ሠራተኞቼን አሰናብቻለሁ፤ እነሱ ዘንድ ኢኮኖሚው ጠቧል።

መምህርት፣ ስለ ቆርቆሮው የማውቀውን ልንገርዎት። የሚሠራበት ጥቅል ብረት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው የዶላርን እግር ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። የቆርቆሮው ዋጋ ግን ይህን ያህል እጥፍ በአንድ ቀን ያልጨመረው አብዛኞቻችን ቀድሞውንም በትይዩ (በጥቁር) ገበያው ዶላር ሒሳብ ስንሸጥ ስለነበር ነው። ከዚህ በኋላ የብር አቅም ይመለሳል ብዬ ዕቃ ሳልገዛ አልቀመጥም። ቆርቆሮ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም፤ ሲገዙ ግን ውፍረቱን ራስዎ ያስለኩ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ የመሰለዎት ቆርቆሮ ስሱ ሊሆን ይችላልና።

መልስ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ

«እየጠበበ ነው ወይ?» ለተባለው፦ ይፋዊው አኃዝ ጠበበ አይልም፤ ለ2016 በጀት ዓመት የተገለጸው ዕድገት 8.1 በመቶ ነው። ምርት በእርግጥ የቀነሰበት በቅርብ የሚታወሰው ዓመት ድርቅ የመታው 1995 ነው። ነገር ግን ጠቅላላ ምርቱ በዶላር ሲለካ ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ቀንሷል፤ ቋሚ ደመወዝተኛ በደመወዙ የሚሸምተው እህልም ቀንሷል። ስለዚህ አገሪቱ አደገች የሚለውና የመምህርት ቤት ጠበበ የሚለው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የምንነጋገረው የዕድገቱ ድርሻ ለማን ደረሰ በሚለው ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለድንገተኛ ነገር የሦስት ወር ወጪዬን በባንክ ትቼ በቀረው ቅዳሜ ቆርቆሮውን እገዛለሁ፤ 20 ባይሞላም ቢያንስ ከመኝታ ቤቱ በኩል ያለውን ይሸፍናል። የቀረውን በመምህራን ዕቁባችን እጣ ሲደርሰኝ እጨርሰዋለሁ። ነጋዴው ወንድሜ፣ ውፍረቱ የሚለካበትን መሣሪያ ሻጩ ካላቀረበልኝ በምን አውቀዋለሁ?