የቤተሰብ ዲቪዲዎቻችንን ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር ስለመገልበጥ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት ስመጣ በሻንጣዬ ጥግ የያዝኳቸው 14 ዲቪዲዎች አሉኝ። የእህቴ ሠርግ አለ፣ የልጆቼ ልደት አለ፣ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጫወት የተቀረጸችበት አለ። እዚህ የገዛሁት ማጫወቻ ገሚሱን አልቀበልም ይላል። ላፕቶፔ ደግሞ ጭራሽ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ወደ ቪዲዮ ፋይል ለውጬ በየአገሩ ላሉት ወንድሞቼ ብልክላቸው ደስ ይለኛል። ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ፣ ከየት ልጀምር?

*

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የራሴንና የዘመዶቼን 31 ዲስኮች ገልብጫለሁ። የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ሌሎቻችሁም ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ከሁሉም በፊት፣ ዛሬ ነገ አትበይ። የሱቅ ፊልም ያለበት ዲስክ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ማኅተም ተረግጦ የወጣ ነው። የሠርግና የልደት ቪዲዮ የምናስቀርጽበት ዲስክ ግን ከዚያ ይለያል። ውስጡ ስስ የቀለም ሽፋን አለ፤ ምስሉ የተጻፈው ያንን ቀለም በሌዘር በመለወጥ ነው። ቀለሙ ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። አንድም ጭረት የሌለው ዲስክ የማይነበብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እስክትገለብጪያቸው ድረስ ከመስኮት አርቀሽ፣ በየማኅደራቸው አቁመሽ አስቀምጫቸው።

ማጫወቻሽ ያስቸገረሽ ዲስኮቹ ስለተበላሹ ላይሆን ይችላል። በአብዛኛው አፍሪካና አውሮፓ የቆየው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ይባላል። በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ የዲቪዲው ምስል ስፋት 720 በ576 ነው። በሰሜን አሜሪካና በጃፓን የቆየው ደግሞ ኤንቲኤስሲ ነው። እሱ በሰከንድ 29.97 ምስል ያሳያል፤ ስፋቱም 720 በ480 ነው። ለአንዱ ሥርዓት ብቻ የተሠራ ማጫወቻ የሌላውን ዲስክ አይወድም። ኮምፒውተር ግን ሁለቱንም ያለ ችግር ያነባል። እና ዲስኮቹን እንዳትጥያቸው!

ኮምፒውተርሽ የዲስክ ማስገቢያውን የአካባቢ ቁጥር (የሱቅ ፊልም በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲታይ እንደተሠራ የሚለይበትን ቁጥር) ልቀይር ወይ ብሎ ከጠየቀሽ፣ ዝም ብለሽ እሺ አትበዪ። ይህ ጥያቄ የሚመጣው የሱቅ ፊልም ስታስገቢ ነው። ቁጥሩን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ቤት የተቀረጸ ዲስክ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም።

የሚያስፈልግሽ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው። በማከፋፈያ በኩል ሲሆን አንዳንዴ ኃይል ያንሰዋል፤ ዲስኩ መዞር ይጀምርና ቀጥ ይላል። ዲስኩን ከማስገባትሽ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ እንጂ ዙሪያውን አይደለም። ዙሪያውን የሄደ ጭረት መረጃው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ረጅም ርቀት ስለሚያበላሽ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ብዙ ሰው ዲስኩን እንዳስገባ ፕሮግራም ከፍቶ በቀጥታ መለወጥ ይጀምራል። እኔም የመጀመሪያዎቹን አራት ዲስኮች የገለበጥኩት እንደዚያ ነበር። ፋይሎቹ ትንሽ ሆነው ስላገኘኋቸው ደስ ብሎኝ ዲስኮቹን ለዘመድ መለስኩ። ከወራት በኋላ በትልቅ ስክሪን ሳያቸው፣ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ፊቶች ደብዝዘዋል። ዲስኮቹን መልሼ ስጠይቅ አንዱ ጠፍቶ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ገልብጪ፣ መለወጡን ለበኋላ ተዪው። ዲስኩን ስትከፍቺ ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ታያለሽ። ቪዲዮው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ፣ ቪኦቢ በሚባሉ ፋይሎች ተከፋፍሏል። ፎልደሩን ሙሉውን ሃርድ ዲስክሽ ላይ ኮፒ አድርጊው። ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ፎልደር ክፈቺለት፣ አለበለዚያ ስማቸው አንድ ስለሆነ ይደራረባሉ። ባለ አንድ ሽፋን ዲስክ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። 14ቱም ሙሉ ቢሆኑ 66 ጊጋባይት አይሞሉም። ዛሬ ይህ ቦታ ብዙ አይደለም። ደህና ዲስክ ከሆነ አንዱ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይፈጅብሻል፤ ሌላ ሥራ እየሠራሽ ማድረግ ትችያለሽ።

ይህ ካለቀ በኋላ ልብሽ ያርፋል። ከዚህ በኋላ ብትሳሳቺም ደግመሽ መሞከር ትችያለሽ።

ለመለወጥ እኔ የምጠቀመው ሃንድብሬክ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የገለበጥሽውን ፎልደር ከፍተሽ ስታሳዪው በውስጡ ያሉትን ቪዲዮዎች ይዘረዝርልሻል። ብዙ ጊዜ የምትፈልጊው ረጅሙን ነው፤ አጫጭሮቹ የማውጫው ምስሎች ናቸው። ከተዘጋጁት ምርጫዎች ለፓል ዲስክ 576ፒ25 የሚለውን፣ ለኤንቲኤስሲ ዲስክ 480ፒ30 የሚለውን ውሰጂ። ኤች ኪው የሚል ቃል ያለበትን ምረጪ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ያዋጣል።

ሦስት ነገር ብቻ አይተሽ እለፊ። አንደኛ፣ ፊልተርስ በሚለው ገጽ ዲኢንተርሌስ ላይ ዲኮምብ መመረጡን አረጋግጪ። ያ የማበጠሪያ ጥርስ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የምስሉን ፍጥነት አትንኪ፤ እንደ ዲስኩ ይሁን። 25ቱን ወደ 30 ልቀይር ብትዪ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል፤ ሙሽሮቹ ሲራመዱ እየተደናቀፉ ይመስላሉ። ሦስተኛ፣ የጥራት መለኪያው ላይ ከ18 እስከ 22 ባለው ቁጥር ሥሪ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱና የፋይሉ መጠን ይጨምራል። እኔ 19 ላይ ነው የማደርገው። ምስሉን ወደ ትልቅ መጠን ማሳደግ አያስፈልግም፤ ዲስኩ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ነገር ከየትም አይመጣም።

የፋይሉ ዓይነት ኤምፒ4 ይሁን፤ በውስጡ ያለው አጨማመቅ ደግሞ ኤች 264። በአዲሱ ኤች 265 ፋይሉ ያንሳል፣ ግን የምትልኪላቸው ወንድሞችሽ የቆየ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ካላቸው ላይከፍትላቸው ይችላል። ለሰው የሚላክ ነገር ያለ ጣጣ መከፈት አለበት።

ፋይሉ ሲያልቅ መጀመሪያውን ብቻ አይተሽ አትተዪው። መሀሉንም መጨረሻውንም ክፈቺ። የሰው አፍና ድምፁ አብረው እየሄዱ መሆኑን እዪ።

ስለ ሱቅ ፊልሞች ለምትጠይቁኝ፦ አብዛኞቹ መቆለፊያ አላቸው፤ ሃንድብሬክም ብቻውን አይከፍታቸውም። ያንን መቆለፊያ መስበር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1998ቱ ሕግ ጀምሮ። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ሳታዩ አትግቡበት።

*

ወንድሜ፣ ተባረክ። ሰባቱን ገልብጫለሁ። እናቴ ያለችበት ዲስክ ግን መሀል ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ተስፋ አለው?

*

አለው እህቴ፣ ተስፋ አትቁረጪ። ደጋግመሽ ግን አታስገቢው፤ ለጊዜው ተዪው።

እኔም እንዲህ ያለ አንድ ዲስክ ነበረኝ። አባቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ የልጅነቱን ታሪክ የሚያወራበት ነው። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። 22ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያዳነኝ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። እንደ ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ላይ ደርሶ አያቆምም። መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ሁሉ ይወስዳል፤ ያልተነበበውን ቦታ በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ እንደ ካርታ እየመዘገበ ያልፋል። ከዚያ ተመልሶ እነዚያን ቦታዎች ብቻ ደጋግሞ ይሞክራል። ማቆምና ከቆመበት መቀጠልም ይቻላል። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ካርታውን ይዘሽ በሌላ ማንበቢያ መቀጠል ትችያለሽ። አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። እኔ የራሴን ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። በነጋታው የጓደኛዬን ተውሼ ስቀጥልበት ከቀረው አብዛኛው ገባ። አሁን ያቺ ቪዲዮ ከ22ኛው ደቂቃ አልፋ ትሄዳለች። አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብትቆራረጥም የአባቴ ታሪክ እስከ መጨረሻው ይሰማል።

ፕሮግራሙ የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም። ሊኑክስ ወይም ማክ የሚያውቅ ልጅ በአካባቢሽ ካለ አብራችሁ ተቀመጡ። ካልሆነ በግል ጻፊልኝ፣ ስልክ ላይ ሆነን አብረን እናደርገዋለን።

*

ለሁላችሁም ሰላም እላለሁ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ዲስኩ በቴሌቪዥን መቅጃችን ላይ በደንብ ይሠራል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ባዶ ነው ይላል። ምን ይሆን?

*

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዲስኩ ያልተዘጋ ይመስለኛል። ቀረጻው ሲያልቅ መቅጃው ላይ ፋይናላይዝ የሚባል ትእዛዝ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ያ ካልተደረገ ሌላ ማሽን ዲስኩን እንደ ባዶ ሊያየው ይችላል። መቅጃው እስካሁን ስለሚሠራልዎ ዕድለኛ ነዎት። ዲስኩን በዚያው በተቀረጸበት መቅጃ ያስገቡ። በማውጫው ውስጥ ፋይናላይዝ የሚለውን ልጅዎ ይፈልግልዎ። ፎርማት ወይም ኢሬዝ የሚለውን ግን በምንም ዓይነት እንዳይነካው፤ እሱ ያጠፋዋል። ሥራው እስኪያልቅ ማሽኑን አያጥፉት።

ያልተዘጉ ሌሎች ዲስኮችም ካሉዎት፣ መቅጃው በሕይወት እያለ በዚህ ሳምንት ሁሉንም ያስጨርሷቸው። ስታስቀምጡም የፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን ጻፉ፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አብራችሁ አስታውቁ። ከዲስኮቹ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውም ስም ይገልበጥ። አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ ሌላ ከተማ ባለ ልጅዎ ዘንድ ይቀመጥ። ልጅዎ ማሽኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ ቁልፉ የት እንዳለ አብረን እንፈልገዋለን።