ሁለቱ ቺንቺላዎቼ አልስማማ አሉ

የ4 ዓመት ሴት ቺንቺላ (አይጥ መሰል፣ ፀጉራም ትንሽ የቤት እንስሳ) አለችኝ። ብቻዋን ነው ያደገችው። ጓደኛ ትሁናት ብዬ ከሁለት ወር በፊት የ8 ወር ሴት አመጣሁ። በሽታ እንዳይተላለፍ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት በተለያየ ክፍል አቆየኋቸው። ከዚያ የሽቦ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን አደረግኩ። በሽቦው ቀዳዳ ጣት እንዳይነካከሱ 10 ሳንቲሜትር ያህል አራራቅኳቸው። ቺንቺላ የምትታጠበው በውሃ ሳይሆን በደቃቅ አቧራ ላይ እየተንከባለለች ስለሆነ፣ አንዷ የታጠበችበትን አቧራ ለሌላዋ እየሰጠሁም ሽታ አለማመድኳቸው።

እስከዚህ ሰላም ነበር። እንዲያውም ትልቋ ወደ ትንሿ በኩል ተጠግታ መተኛት ጀምራ ነበር። ተሳካልኝ ብዬ ነበር እኮ!

ባለፈው ሳምንት ሁለቱም በማያውቁት ቦታ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ አገናኘኋቸው። ለ5 ደቂቃ ያህል ተሸታተቱ። ትልቋ ጀርባዋ ላይ ወጣችባት፤ የበላይነት ማሳያ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሿ ዞር ስትል ግን ትልቋ በኋላ እግሮቿ ቆማ ሽንቷን ረጨችባት (ለእኔም ደርሶኛል)። ጥርሷን እያንቀጫቀጨች አሳደደቻት። በፎጣ ገላገልኳቸው። ወለሉ ላይ እፍኝ የሚሞላ ግራጫ ፀጉር ቀረ። ደም የለም፣ ጆሮም አልተነከሰም።

በማግስቱ ደገምኩት፤ 1 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አሁን ትንሿ የትልቋን ድምፅ ስትሰማ ትደበቃለች። ምግቧን ግን በደንብ ትበላለች። የሽቦ ቤቶቻቸውን ማቀያየር (አንዷን በሌላዋ ቤት ማስገባት) ገና አልሞከርኩም።

ደም እስካልፈሰሰ ድረስ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ማገናኘቱን ልቀጥል ወይስ ለጥቂት ሳምንታት ቤት እያቀያየርኩ ጎን ለጎን ብቻ ላቆያቸው?