ሜካፕ ባቆምም ልቤ መስታወት ፊት ቀረ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። 26 ዓመቴ ነው፣ መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ፣ ፊቴ ላይ ከብጉር የቀረ ጠባሳ አለብኝ። እሱን ለመሸፈን በየጠዋቱ 40 ደቂቃ መስታወት ፊት እቆም ነበር፣ ጸሎቴ ግን 5 ደቂቃም አይሞላም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4ን፣ ያው ሽልማታችሁ የውጭ ሳይሆን የልብ ይሁን የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩና ሜካፕ በአንዴ አቆምኩ፣ ፎቶዎቼንም ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ።

አሁን ሁለት ወር ሆነኝ፣ መስታወቱ ቀረ፣ ግን ስዘምር ሳላስበው እጄ ጉንጬን ይሸፍናል፣ ማይኩን ራሱ ወደ ፊቴ አስጠግቼ የምይዘው ለዛ ነው። የባሰው ደግሞ ተቀብታ የመጣች እህት ሳይ በልቤ «ይቺ ሥጋዊ» ማለት ጀመርኩ። ባለፈው ከአገልግሎት በኋላ ጥግ ይዤ ሳለቅስ አይታኝ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ የጸለየችልኝ እንደዛ ካልኳቸው አንዷ ናት፣ ሊፕስቲኳ እኮ ነጠላዬ ላይ ቀርቶ ነበር፣ እንዴት እንዳፈርኩ።

1ኛ ሳሙኤል 16ን ደጋግሜ አነበብኩ፣ ቁጥር 7 ላይ ሰው ፊትን ያያል እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል ይላል፣ ቁጥር 12 ላይ ደግሞ የዳዊትን መልክ ማማር ሳይደብቅ ይጽፈዋል፣ ስለዚህ መልክ በራሱ ጥፋት አይደለም ብዬ አሰብኩ። ግን ብቀባም ባልቀባም የማስበው ስለ ፊቴ ነው። ምከሪኝ ያልኳት ጓደኛዬ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» ብላ ዘጋችው፣ እኔ የጠየቅኳት እሱን አልነበረም።

ከዚህ ነገር የወጣችሁ ካላችሁ፣ ራሳችሁን እየጠበቃችሁ ልባችሁ መልካችሁ ላይ እንዳይታሰር በየቀኑ በተግባር የምታደርጉት ምንድነው?